የየት አገሩ ቢተው?

የእጮኛዬን አባት ለመተዋወቅ በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገርሁ ዕለት፣ ስለ ራሴ የምናገረውን መንገዱን ሙሉ በልቤ ሳጠና ነበር። ባሕር ዳር ምህንድስና መማሬን፣ መንገድ ሥራ ላይ መሆኔን፣ ዋና መውደዴን ሁሉ ነገርኋቸው። እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣ «መልካም። አሁን እስከ ሰባት ቤት ዘርህን ቁጠርልኝ» አሉኝ። በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። አያቶቼን እየጠራሁ ስድስተኛው ላይ «ቢተው» ስል አባቷ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ለካ ከእጮኛዬም አያቶች አንዱ ቢተው ኖሯል። በሩ ላይ የቆመችው እጮኛዬ ፊቷ ተለዋወጠ።

«የየት አገሩ ቢተው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የአንበሳሜው። ቄስ ነበሩ ይባላል።»

«እንግዲያስ ሌላ ናቸው። የእኛው ቢተው የአቸፈር ሰው ነው፤ እንኳን ሊቀድስ፣ ሲጾምም ያየው የለም» ብለው ሳቁ። ቤተ ሰቡም ተከትሏቸው ሳቀ፤ እጮኛዬ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለች። አባቷ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ዘመድ ሆነህ ቢሆን የጨነቀኝ የአንተ ነገር አልነበረም። እሷን ማን ደፍሮ ይነግራታል ብዬ ነው እንጂ» አሉኝ።