ለቦቢ የነገርነው

በእኛ ጊዜ ያለ ጉዳይ መንገድ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ሰው ከቤቱ ከወጣ ወይ ገበያ ነው፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ ሥራ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው። ዝም ብሎ ሲሄድ የታየ እንደሆነ «ምን ሆኖ ነው? ከሚስቱ ተጣልቶ ነው እንዴ?» ይባላል። ታዲያ እኔን ሐኪሙ «እትዬ ዘነቡ፣ ስኳርዎ እንዲወርድ በየቀኑ አርባ ደቂቃ በእግርዎ ይሂዱ» ሲለኝ «ወዴት?» አልኩት። ልጁ ሳቀብኝ። «የትም» አለኝ። እስቲ አሁን የትም ይኬዳል? ካዛንቺስ ሃምሳ ዓመት ስኖር ያለ ጉዳይ ከበሬ ወጥቼ አላውቅም።

እና ሁለት ቀን ሞከርኩት። ገና ሦስት ቤት ሳላልፍ «እትዬ ዘነቡ፣ ወዴት ነው?» ይሉኛል። ምን ልበል? «እዚሁ ነኝ» እላለሁ፣ ዞሬ እመለሳለሁ። አፈርኩ በቃ። እኔ ደግሞ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ፣ ሠላሳ ዓመት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የሰው መስመር ሳገናኝ ነው የኖርኩት፣ እግሬም ያለ ምክንያት መሄድ አልለመደም።

ያኔ ነው ቦቢ የመጣው። ልጄ ሰናይት ያሳደገችው ውሻ ነው። አዲስ የተከራየችበት ቤት ባለቤቶች ውሻ አንፈልግም አሏት እና «ማሚ፣ ለአንድ ወር ብቻ ያዢልኝ» ብላ አመጣችው። ይኸው ያ አንድ ወር እስከ ዛሬ አላለቀም። ትንሽዬ ነው፣ ነጭ፣ ጸጉሩ ዓይኑን የጋረደው። «ይሄ ውሻ ነው?» አልኳት። እኛ የምናውቀው ውሻ በር ላይ ታስሮ ሌባ የሚጠብቅ፣ የተረፈ የሚበላ ነዋ። ይሄኛው ግን ጎህ ሲቀድ በሩን እየቧጨረ ካላወጣሽኝ ይላል። ታዲያ ገመዱን ይዤ ወጣሁ። «እትዬ ዘነቡ፣ ወዴት ነው?» ሲሉኝ «ውሻው ነዋ» አልኩ። ተገላገልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳይ አለኝ። «እትዬ ዘነቡ በስተርጅና ፈረንጅ ሆኑ» አሉ አሉኝ፣ ይበሉ።

እንግዲህ መንገዳችን ከመንደሩ ወጥተን አዲሱን የእግረኛ መንገድ ይዘን ወደ ስታዲየም አቅጣጫ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ስንት ዘመን ሳልፍ ዛፍ እንዳለው አላውቅም ነበር። ቦቢ እያንዳንዱ ዛፍ ሥር ይቆማል፣ እሱ ሲቆም እኔም እቆማለሁ፣ የቆመ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል፣ ቀና ይላል። ቀና ስል አንዱ ዛፍ ሐምራዊ አበባ አውጥቶ መሬቱን ሁሉ አልብሶታል፣ አንዱ ላይ ወፎች ጎጆ ሠርተዋል፣ በላይ ደግሞ እነዚያ ትልልቅ አሞራዎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ቄራ ይሄዳሉ። ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ወፍ ማየት ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አሁን ሃዋን ላምጣላችሁ። ሃዋ ጎረቤቴ ነች፣ አጥር ነው የሚለየን። የስልጤ ልጅ ነች፣ ከባሏ ከሐጂ ሸምሱ ጋር መንገድ ዳር ሱቅ ነበራቸው። ልጆቻችን አንድ ላይ ነው ያደጉት። ሥጋው ለየብቻ ነው እንጂ ሌላው ነገራችን ሁሉ አንድ ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ እኔ ጸበል ሄድኩ። ሱባኤ ይዤ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ስመለስ ሐጂ ሞተዋል። ተቀብረዋል፣ ድንኳኑም ተነስቷል። በሬን ሳልከፍት ነው ጎረቤት የነገረችኝ። ያን ጊዜ ሻንጣዬን እዚያው ጥዬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በቀጥታ መግባት ነበረብኝ። ይሄንን ጥፋቴን አልክድም። ግን ምን አልኩ? «ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ፣ የመንገዱን አቧራ ልታጠብ፣ ነገ በጠዋት እደርሳለሁ» አልኩ። ሲነጋ እግሬ አብጦ መቆም አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን ወሬ መጣልኝ፤ ሃዋ «ከቄራ ድረስ ሰው መጥቶ አልቅሶልኛል፣ አጥር የምትጋራኝ ግን አልመጣችም» ብላለች አሉኝ። ይሄኔ እኔም ተቀየምኩ። ጸበል መሆኔን ታውቅ የለ? እልህ ያዘኝ። ሳምንት ሆነ፣ አርባ ቀን ሆነ፣ ዓመት ሆነ። ለቅሶ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በዘገየ ቁጥር በሩ ይጠባል። የዕድር ሴቶች ሊያስታርቁን መጡ፣ እኔ «ትጀምር» አልኩ፣ እሷ «ትምጣ» አለች፣ ሰለቻቸውና ተዉን።

ሃዋም ጉልበቷን ያማታል፣ እና ከንጋት ሶላቷ በኋላ በዚያው መንገድ ትሄዳለች። እሷ በዚያ ማዶ፣ እኔ በዚህ ማዶ። ወራት እንዲህ ሄድን። አንድ ቀን ቦቢ ገመዱን ከእጄ አስለቅቆ ወደ እሷ ሮጠ። ሃዋ ደግሞ ለሶላት ታጥባለች፣ ውዱእ አላት፣ የውሻ ምራቅ ከነካት እንደገና ልትታጠብ ነው። ጃንጥላዋን በመሃል ዘርግታ ቆመች። እና ለቦቢ፣ ለእኔ አይደለም፣ ለቦቢ ነው፣ ምን አለችው መሰላችሁ።

«አንተ፣ ሂድ ወዲያ። ሳትጠራ ትመጣለህ። አንዳንዱ መምጣት ያለበት እንኳ አይመጣም።»

ልጄን ልንገርሽ ምራቴ አንቺ ስሚ ነው ነገሩ። ገባኝ። እኔም ለቦቢ «ና ወዲህ፣ የታመመ ሰው ከቤቱ እንደሚቀር የማያውቅ ሰው ጋ ምን ትሠራለህ» አልኩት። ሃዋ ጃንጥላዋን እያየች «ታማ ነበር እንዴ?» ብላ ውሻውን ጠየቀችው። «እግሬ አብጦ ነበር በላት» አልኩ። ቦቢ ምን ይላል፣ ጭራውን ቆላ።

በማግስቱ ሃዋ ወደ እኔ ማዶ ተሻገረች። ሰላምታ የለም፣ ብቻ ጎን ለጎን ነን። በመሃላችን ቦቢ፣ በቦቢና በሃዋ መሃል ደግሞ አንድ ጃንጥላ የሚያህል ርቀት አለ። ቦቢም ያንን ልክ አወቀው፣ አንድ ቀን አላለፈውም። አንዳንድ የሰው ልጅ እንኳ ልኩን በዚህ ፍጥነት አያውቅም። ወሬው በእሱ በኩል ሆነ። እኔ «ቦቢ፣ መብራቱ ላይ የቆመውን አባ ኮዳ እየው፣ የዕድር ዳኛ መስሏል» እለዋለሁ። እሷ «ቦቢ፣ ባለቤትህ ወሬ ታበዛለች፣ አባ ኮዳው ሆዱን ነው የሚያስበው፣ ዳኝነት ምን አገባው» ትለዋለች። ሳቄን በነጠላዬ እደብቃለሁ። ልጇ መንታ መውለዷን ከእሱ ሰማሁ፣ ስኳሬ መውረዱን ከእሱ ሰማች። የሐጂን ነገር ግን አናነሳም። በዛፉ ዙሪያ፣ በወፉ ዙሪያ እንዞራለን፣ እዚያ ጋ አንደርስም።

እና የሃዋ ቤት ለልማት ይፈርሳል ተባለ። መንገዱ የሚወስደው የእሷን ወገን ነው፣ እኔ ቀረሁ። እሷ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ ከዚህ ሁለት ታክሲ ነው። ይሄንንም ለቦቢ ነገረችው።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት የሁልጊዜው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ፣ ቦቢ መሬት ላይ። ሃዋ ወደ ዛፉ እያየች ተናገረች።

«ቦቢ፣ ሐጂ የሞቱት እዚያ ቤት ውስጥ ነው። አዲሱ ቤት አያውቃቸውም። ሐሙስ ይፈርሳል። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ካለ እስከ ረቡዕ ነው።»

ተነስታ ሄደች። በራሴ አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ይቺ ሴት እኔን ስትጠብቅ ነበር ለካ፣ እኔ የጠላችኝ ነው የመሰለኝ።

ታዲያ በዚህኛው ጊዜ ነገ አላልኩም። ቤቴም አልገባሁም፣ የምይዘውንም አልፈለግሁ። በዚያው በስፖርት ጫማዬ፣ ባዶ እጄን፣ ከኋላዋ ተከተልኳት። በሯ ላይ ቦቢን አሰርኩ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ «ሐጂዬ» እያልኩ ገባሁ። ቤቱ ዕቃው ታስሮ ታስሮ ወና ሆኗል። ለሐጂ አለቀስኩ፣ ለራሴም አለቀስኩ፣ ሃዋም እንደ አዲስ አለቀሰች። አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ዓይን ዓይኔን እያየች «ምነው ዘነቡ?» አለችኝ። በሁለት ዓመት ስሜን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው።

«ነገ እመጣለሁ ብዬ ነው የቀረሁት» አልኳት።

«ነገሽ ረዘመ» አለችኝ።

በቃ፣ ዕርቁ ይሄው ነው። ይሄኔ ቦቢ ከበር ላይ አላዘነ፣ ረጅም አድርጎ። ሃዋ እንባዋን እየጠረገች «እሱም ደረሰ» አለች። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅን፣ ሐጂ ይቅር ይበሉን።

ረቡዕ ዕለት ዕቃዋ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ልንሰነባበት ቆምን። ሃዋ ለሶላት ታጥባ ነው የወጣችው። እሱን ሁሉ ትታ ጎንበስ አለችና እጇን የቦቢ ራስ ላይ አደረገች። አንድም ቀን ነክታው አታውቅም። «አደራ» አለችው፣ «ጠዋት ጠዋት አስወጣት፣ ብቻዋን እንዳትተዋት።» እኔ «ሃዋ፣ ውዱእሽ» አልኳት። «ውሃ አልጠፋ፣ እታጠባለሁ» አለችና መኪናው ላይ ወጣች።

«አሁንስ ትገናኛላችሁ?» ነው የምትሉኝ? እንዴታ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት ታክሲ ትመጣለች። አሁን እኮ በቀጥታ ነው የምናወራው፣ እና ቦቢ ከፋው። መንገድ መሃል ቁጭ ይላል፣ ቀና ብሎ ያየናል፣ አንዳችን የሆነ ነገር ካልነገርነው አይነሳም። ሃዋ «እሺ፣ ዛፉ አብቧል በለን፣ ተነስ» ስትለው ነው የሚሄደው። ጃንጥላዋ ግን አሁንም በመሃል ነው።

አዲሶቹ ጎረቤቶቿ ደግሞ ቅዳሜ በማለዳ ስትወጣ ያይዋታል አሉ። «ሃዋ፣ ወዴት ነው በዚህ ጠዋት?» ይሏታል። ምን ብላ እንደምትመልስላቸው ታውቃላችሁ?

«ውሻው ነዋ።»