ሴት የማትገባበት አውድማ

አያ ዋልልኝ በዕድሜያቸው ከብዙ ሰው ጋር ተከራክረው ብዙውን ረትተዋል። ጉና ሥር ባለችው ቀበሌያቸው ድንበር ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ መጀመሪያ የሚጠሩት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ያን ዕለት ደብረ ታቦር መናኸሪያ፣ ወደ ክምር ድንጋይ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ጥግ ይዘዋል። የሰውን ልጅ ሁሉ ሲያስታርቁ ኖረው የገዛ ልጃቸውን መመለስ አቅቷቸዋል።

ልጃቸው ፈንታነሽ ባሏ ሞቶባት ዓረብ አገር ሄዳ ሠርታ የተመለሰች ናት። አሁን ደግሞ፣ “ነገ ገብሱ ይከፈልና ድርሻዬን ሸጬ ወደዚያው እመለሳለሁ፤ እዚህ ምን አለኝ?” ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። ያልለመኗት ልመና፣ ያልላኩባት ሰው የለም። በጄ አልል ስትላቸው ጊዜ በማለዳ ተነሥተው ደብረ ታቦር ኢየሱስ ሄዱና፣ “ልጄን አገሯ ላይ ብታስቀርልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ” ብለው ተሳሉ። ስለታቸውን ለማንም አልተናገሩም።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንዲት ወጣት ሴት ገባችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

“እንደምን አደሩ፣ አባቴ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?”

“የፋርጣው የታደሰ ልጅ ነኝ። አዲስዓለም እባላለሁ። ሥራዬ ደብረ ታቦር ነው።”

“ምን ትሠሪያለሽ?”

“የሴቶች ኢኮኖሚ ማብቃት ፖሊሲ ባለሙያ ነኝ።”

አያ ዋልልኝ ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። “ወይ ጉድ! ይኸ ሁሉ የአንቺ የአንዲቷ ሥራ ነው?”

አዲስዓለም ሳቀች። “ስሙ ይረዝማል እንጂ ነገሩስ አጭር ነው። ሴቶች በገዛ ጉልበታቸውና በገዛ መሬታቸው እንዳይጠቀሙ የሚያሰናክላቸው የትኛው ደንብ፣ የትኛው ልማድ እንደሆነ አጠናለሁ። ከዚያ ‘ይህ ቢስተካከል’ ብዬ ለበላይ ጽፌ አቀርባለሁ።”

“ጽፈሽ!” አሉ አያ ዋልልኝ። “የጉና ውርጭ በጽሑፍ ይመለሳል? ልማድም እንደዚያው ነው።”

“እውነትዎን ነው። ለዚህም እኮ ነው ቢሮ ቁጭ ማለቱን ትቼ ሚኒባስ የምሳፈር።”

መልሷ ደስ አላቸው፤ ግን አላሳዩአትም። ሽማግሌ ሲባል እንዲህ ነው፤ ደስታውን እንደ ዘር እህል ቆጥቦ ነው የሚያወጣው።

መኪናው ተነሥቶ ከተማውን ለቀቀ። አዲስዓለም የምትሄደው ሴቶች መሬታቸውን ለእኩል አራሽ የሚሰጡበትን መንገድ ልትጠይቅ መሆኑን ስትነግራቸው፣ አያ ዋልልኝ ወደ እሷ ዞረው ተመቻቹ።

“ምኑ ይጠየቃል? ሴት አታርስም። በሬ ያለው ያርስላታል፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።”

“በእሱ ጠብ የለኝም፣ አባቴ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ምርቱ ሲከፈል ባለመሬቷ የት ናት?”

“ቤቷ ናታ! ሴት አውድማ ትገባለች እንዴ? በረከት ይሸሻል!”

ይህን ሲሉ፣ የጋሳይን ከተማ አለፍ እንዳሉ፣ የመኪናው ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። ሾፌሩ ጎማውን ሊቀይር ሲንበረከክ ሁለቱ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከመንገዱ በታች ገበሬዎች ገብስ ያበራያሉ፤ ከብቶቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ።

አዲስዓለም በእጇ አመለከተች። “አባቴ፣ ያቺ ቀይዋ ላም አይደለችም?”

“ላም ናት።”

“ከኋላዋ ያለችውስ?”

“ባዝራ ናት። ምነው፣ ከብት አይተሽ አታውቂም?”

“አይቻለሁ። ላሟም ባዝራዋም አውድማው ላይ ሲዞሩ በረከት ካልሸሸ፣ ባለመሬቷ ስትገባ ለምን ይሸሻል ብዬ ነው።”

አያ ዋልልኝ ደጋግመው ላሟን አዩ፤ ላሟ ግን ምንም ሳይመስላት ዞረች። ከዚያ ቆጣ አሉ።

“ሴትን ከከብት ጋር ታወዳድሪያለሽ?”

“እኔ አላወዳደርሁም፤ ልማዱ ነው ከከብት ያሳነሳት።”

አጠገባቸው የቆመ ተሳፋሪ ሳቁ አመለጠው። አያ ዋልልኝ ገላመጡትና፣ “‘ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ’ ያሉት አባቶች ሞኝ ነበሩ?” አሉ።

“አልነበሩም። ‘ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው’ ያሉትም እነሱው ናቸው። ሴትዮዋ ዓይን እያላት ምርቷን ካላየች፣ ዓይኗ ለምን ተፈጠረ?”

ይህኛው ተረት አያ ዋልልኝ ራሳቸው በሽምግልና ላይ የሚያዘወትሩት ነበር። በገዛ ዱላ መመታት ያማል። የጉና ነፋስ ጋቢያቸውን እያራገበው መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የፈንታነሽን ነገር አጫወቷት።

“ለምን ትሄዳለች ታዲያ?” አለች አዲስዓለም።

“እህሏ ክረምት አይደርስላትም። ሰኔ ሲገባ ጎተራዋ ባዶ ነው። ‘እናንተ ደጅ ቆሜ ከምለምን፣ የባዕድ ቤት ባጥብ ይሻለኛል’ ትለኛለች።”

“ከመሬቷ ምን ያህል እህል ይወጣል?”

“እሱንማ ማሩ ነው የሚያውቀው፤ አራሿ።”

“ይሰርቃታል?”

“ኧረ ምን በወጣው! ማሩ የባሏ የአጎት ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው። ብቻ… ከመከፈሉ በፊት የሚነሣ ነገር አለ። የበሬ ይባላል፣ የወቂ ይባላል፣ የደቦ ይባላል። የቀረው ነው የሚከፈል።”

ይህን የሚያውቁት ከማሩ ሰምተው አይደለም። እሳቸውም የጎረቤታቸውን የመበለቲቱን የእቴነሽን መሬት በእኩል ያርሳሉ፣ እንዲሁም ያነሣሉ። አባታቸው እንዲህ ሲያደርጉ አይተው ነው ያደጉት፤ ነውር ይሆናል ብለው አስበው አያውቁም። አሁን ግን ነገሩ በልጃቸው ሲመጣ ጎረበጣቸው።

አዲስዓለም ረጋ ብላ ተናገረች። “አባቴ፣ ልጅዎ ዓረብ አገር ለሰው ቤት ስትሠራ ደሞዟን በዓይኗ እያየች ተቀብላለች። በአገሯ፣ በገዛ መሬቷ ላይ ግን በር ላይ ያደረሱላትን ትቀበላለች። መሬቷ የሚሰጠውን የማታውቅ ሴት ለዘር ምን ያህል ታስቀር? ለክረምት ምን ትቆጥብ? የባዕድ ቤት የሚሻላት በጉልበቷ ሰንፋ እንዳይመስልዎት። አንቱ ቢሆኑስ የትኛውን ይመርጣሉ?”

“ስድብ ነው ይኸ!”

“ጥያቄ ነው፣ አባቴ።”

ጎማው ተቀየረ፣ መኪናውም ተነሣ። አያ ዋልልኝ ሲወርዱ በሩን ይዘው ዞር አሉ። “አንቺ ልጅ፣ ነገ ወደኛ ዝለቂ። እኔም ላሟን እያሰብኩ እንቅልፍ አይወስደኝ። ብቻ በረከቱ የሸሸ እንደሁ፣ አምጪ የምለው አንቺን ነው!”

በነጋታው ማሩ ገብሱን ነፋስ ላይ አናፍሶ፣ ምርቱን አውድማው መካከል ከምሮ ጠበቃቸው። ፈንታነሽ እንደ ልማዷ ባዶ ማዳበሪያዎቿን ታቅፋ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። አዲስዓለምም አጠገቧ ቆመች፤ ዛሬ የመናገር ተራው የሷ አለመሆኑን ታውቃለች።

አያ ዋልልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ፈንታነሽ፣ ግቢ።”

“የት?”

“አውድማው ውስጥ። ያንቺ መሬት አይደለም እንዴ?”

ሊያግዙ የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ወደሳቸው ዞሩ። ማሩ እህል የሚያናፍስበትን ላይዳ መሬት ላይ ተከለና ፊቱ ተለዋወጠ። “አያ፣ ምን ማለትዎ ነው? ሌባ ነኝ?”

“አይደለህም። ሌባ ብትሆንማ አሳምሬ አውቅበት ነበር። ዳሩ ግን በአጥር ማዶ ያለ ሰው ይጠረጥራል፤ አጠገብህ ቆሞ ያየ ግን ያምናል። ላንተም ለስምህ ይበጃል።”

ማሩ ራሱን እያከከ አሰበ። ማሩም ቢሆን የዋዛ አይደለም። “መልካም። አንቱስ የእትዬ እቴነሽን ገብስ ሲከፍሉ፣ እሷም ትገባለች? ወይስ ደንቡ የተለወጠው ለልጅዎ ብቻ ነው?”

ላይዳ የያዙት ሁሉ ዓይናቸውን አያ ዋልልኝ ላይ ተከሉ። ሽማግሌው ላባቸውን ጠረጉ፤ በዚያ ብርድ! ወደ ኋላ ቢሉ ልጃቸው ትሄዳለች፤ ወደ ፊት ቢሉ የገዛ ጎተራቸው ይጎድላል። ፈንታነሽን አዩአት። የነገሩን መጨረሻ ቀድማ እንዳወቀች ሁሉ፣ ማዳበሪያዎቿን እያጠፈች ወደ ቤቷ ልትዞር ነበር።

“ትገባለች!” አሉ አያ ዋልልኝ ጮኸው። “ራሴ ሄጄ እጠራታለሁ። እስከ ዛሬ ያነሣሁባትም ካለ ትንገረኝ፣ እክሳለሁ። በሰው አውድማ ብቻ ፈራጅ መሆን ይብቃኝ።”

ፈንታነሽ ጫማዋን አውልቃ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እያመነታች ገባች። ሰማዩ አልወደቀም፤ በረዶም አልመጣም። ማሩ በቁና መስፈር ጀመረ። ጥቂት ቁና ወደ ጎን ለይቶ፣ “የደቦ” ሲል ፈንታነሽ በቀስታ ጠየቀችው።

“ማሩዬ፣ ለደቦው ጠላ የጠመቅሁ እኔ። እንጀራውን የጋገርሁ እኔ። ይህ የሚነሣው ለማን ነው?”

ማሩ ቁናውን እንደያዘ ቆመ። “እኔ እንጃ! አባቴም እንዲህ ነበር የሚያነሣው።” ከልቡ ገርሞት ሳቀና የለየውን ወደ ምርቱ መለሰው። እንግዲህ ሌባ ሳይኖር እህል የሚጎድለው በዚህ ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበ፣ ግን ጠያቂ አልነበረም።

ሰፍረው ሲጨርሱ የፈንታነሽ ማዳበሪያዎች ሞሉ፤ ሌላም መበደር ግድ ሆነ። ማሩ እንኳ ቅር አላለውም፤ ሸክም የወረደለት ሰው መሰለ።

“እኔም ለበላይ የምጽፈው ይህንኑ ነው” አለች አዲስዓለም ለአያ ዋልልኝ። “ባለመሬቷ በሌለችበት ምርት እንዳይከፈል። ያየችውን ትቆጥባለች፣ ዘሯን ትመርጣለች፣ አራሿንም ታምናለች። እሱም ነገ ወጪ የምትጋራው ባልንጀራ ያገኛል። እንግዲህ ሴትን ማብቃት ማለት ይኸው ነው፤ ስሙ ነው የረዘመው።”

“እሱስ ረዝሟል” አሉ አያ ዋልልኝ። ልባቸው ግን ከሷ ጋር አልነበረም። ልጃቸውን ነበር የሚያዩት። ሸጬ እሄድበታለሁ ያለችው ገብስ ይኸው ሞልቶ ቆሟል፤ እንዲያውም ከመንገድ ስንቅ በልጧል። ‘ምን አደረግሁ? መሄጃዋን ራሴ አበዛሁላት’ ብለው ሰጉ።

ፈንታነሽ ገብሱን በእፍኟ ዘግና እየተመለከተች ማሩን ጠራችው።

“ማሩ፣ ይህ ገብስ ፍሬው ቀጭን ነው። ለከርሞ የተሻለ ዘር እኔ ፈልጌ አመጣለሁ። ያችን ዳገቷን ደግሞ ድንች ብናደርጋት ምን ይመስልሃል?”

“ድንችማ ያዋጣል” አለ ማሩ። “ኩትኳቶውን አብረን እንገባበታለን።”

ለከርሞ አለች! አያ ዋልልኝ ቃሏን በልባቸው ደጋገሙት። የሚሄድ ሰው ለከርሞ ዘር አይመርጥም። እንባቸው እንዳይታይባቸው ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉና ወደ አዲስዓለም ጠጋ አሉ።

“አንቺ ልጅ፣ እዚያ ደብረ ታቦር፣ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ የት ነው የሚሸጥ?”

አዲስዓለም ነገሩ ግራ ገባት። አያ ዋልልኝ ግን ሊያስረዷት ጊዜ አልነበራቸውም፤ እቴነሽን ሊጠሩ በዱላቸው እየተመረኮዙ ዳገቱን ጀምረውታል።