ከደረቀው ሰም ስር

ነይ፣ ነይ የእህቴ ልጅ... መኪናዋን ወደ ጥላው አስጠጊያት፣ ቆርቆሮው ይቀዝቅዝ። ደህና ሰነበትሽ? ከሳሽ ልበል? የሠርግ ሩጫ ነዋ! የቀረችሽ ሁለት ሳምንት ምን አላት? ውይ፣ እጮኛሽም አብሮ መጣ እንዴ? እሰይ! እዚያ ወንበር ላይ አረፍ ይበል፤ ስልኩንም ያናግር። የእኛ የላቫጆ ሰዎች ወሬ መቼም ለእንግዳ አይሆንም።

እስቲ የሙሽራዋን መኪና ልያት... ምነው ዱቄት የተነሰነሰባት መሰለች? ፖሊሹ ደርቆባት ነው። አይዞሽ፣ ይለቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላው የለቀለቀውን ሰም ሳነሳ አይደል የኖርኩት? በስልክ ስናወራ ባለሙያ ነው የሠራት አልሽኝ፤ እንደዚያ ተብሎልሻል። ማነው ብዬ አልጠይቅሽም። እጁ ይባረክ ብቻ! ስንቱ ፈሪ ትንሽ ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ጠርጎ፣ እንደገና ትንሽ ቀብቶ ቀኑን ያባክናል። እሱ በጠራራ ፀሐይ ሙሉ መኪና በአንዴ! የመኪናዋ ስም ፊደሎች መሃል፣ የመስኮቱ ጠርዝ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ... የቀረው የለም። ለጋስ ነው እኮ፤ መሸፈን ላይ አይሰስትም።

ጨርቁን ያዢ። ሻምፖውን ለብ ባለ ውሃ በጥብጬዋለሁ። አርጥቢው፣ ትንሽ ታገሺው፣ ከዚያ በስሱ አንሺው። በደረቁ ከፈተግሽው ትጭሪያታለሽ። እኔ ፊደሎቹን በጥርስ ብሩሽ እይዛለሁ። ለፕላስቲኩ ደግሞ ይቺውልሽ፣ ላጲስ... የተማሪ ላጲስ፣ ምን ያስቅሻል? እዚያ ላይ የደረቀን ሰም እንደሷ የሚያነሳው የለም። ለባለሙያሽም አንድ ግዢለት፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ይመስለኛል።

እኔ እምልሽ... እጮኛሽ የሰዓቱ ማሰሪያ ላይ ነጭ ነገር ደርቆበት አየሁ። ሊጥ ነው? ያቦካል እንዴ? ታድለሽ! የኔው በሠላሳ ዓመት ውሃ አፍልቶልኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ቀኙ የኋላ በር ነይ። እዚህ ጋ ሲደርስ ባለሙያውን ፍቅር ይዞታል፤ ሦስት ጊዜ ነው የደራረበው። ለምን ይሆን?... ወንድምሽ ከግቢያችሁ ግንብ ጋር አጋጫት የተባለው እዚህ ጋ አይደል? ቁልፉን የቀማሽው፣ ሠርጌ ላይ እንዳላይህ ያልሽው? ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። «አክስቴ፣ አልነካኋትም» ይለኛል። ምን ያድርግ፣ ምስኪን! ሰው ሁሉ እንደ ባለሙያሽ አንደበቱ አይጥምለት።

በይ ጥረጊው። አይ፣ እኔ አልነካውም፤ በገዛ እጅሽ... ቀስ... እንደሱ። የግጥም አስተማሪያችን ሰሙን ስታነሱት ወርቁን ታገኛላችሁ ይሉን ነበር። አንቺ ምን አገኘሽ? ጭረት? ጭረቱማ የታወቀ ነው። ውስጡ ያለውን ነው የምልሽ... ቀይ? ቀይ ቀለም? ወቸ ጉድ! የእናንተ ግንብ ነጭ አልነበር እንዴ? ነጭ ግንብ ቀይ ቀለም ሲያወርስ እኔ በዚህ ሥራ አይቼ አላውቅም።

ቆይ... ባለፈው ወር እጮኛሽ ምሳ የጠራን ዕለት፣ የእሱ ግቢ በር አዲስ ተቀብቶ ገና ሳይደርቅ ቀሚሴን ነክቶኝ ነበር። እስካሁን በምንም አልለቀቀም። ምን ቀለም ነበር እቴ? አትንገሪኝ፣ ዕድሜ ነው፣ ረሳሁት። መኪናዋስ ያን ሳምንት ማን ጋ ነበር የከረመችው? ይህም ጠፋኝ።

ጥረጊ እንጂ! እኔ እንደሆንኩ ማንንም አላማሁም። እንዲያውም ባለሙያሽ ያስቀናኛል። ጭረቱን የሚሞላለት ሰም አለው፣ ጭረቱን የሚሸከምለት የሰው ወንድም አለው... ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሟላለታል? እጮኛሽ ግን ማንን ነው የሚያናግረው? ስልኩን ጆሮው ላይ ከለጠፈ ቆየ፣ አንድ ቃል አልወጣውም። አዳማጭ ባል! እንዲህ ያለ መች በቀላሉ ይገኛል?

በይ ጨርቁን አስቀምጪና ጎንበስ በይ፣ ልመርቅሽ። እጄ ሳሙና ነው፣ አይክፋሽ። ገመና ሸፋኝ ባል ይስጥሽ ልልሽ ነበር... ሰጥቶሻል ለካ! እንግዲህ በዚያ በሚያምረው በር እልል ተብሎልሽ ግቢ። ወልደሽ ከብደሽ ኑሪ። ወንድም የሚያስፈልግሽ ቀን አይምጣብሽ፣ የኔ ልጅ።

አሜን በይ እንጂ። እጮኛሽም ስልኩን ከጆሮው ያውርድና... አሜን ይበል።