ስለት የገባለት ኢሜይል

ሞጣ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንዲት ነርስ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የውጭ ስኮላርሺፕ አገኘሽ የሚል ኢሜይል ማጣሪያው ስፓም ወደሚባለው የማይፈለጉ መልእክቶች ሳጥን ጥሎባት ተናዳለች። «እድሌን ለምን ይጥልብኛል?» አለችኝ። የመልእክቱን ኮድ ከፍቼ አሳየኋት። «ክፍያ» በሚለው ቃል ፊደሎች መሀል መልእክቱ ሲነበብ ዓይን የማያያቸው፣ ኤችቲኤምኤል ታግ የሚባሉ የኮድ ምልክቶች ተሰግስገዋል። አጭበርባሪዎቹ ቃሉን የቆራረጡት ማጣሪያው እንዳያውቀው ነው። እሱ ግን ታጎቹን አውጥቶ ጥሎ፣ የቀረውን ገጥሞ አንብቦታል። «እውነተኛ ሰው ቃሉን ለምን ይደብቃል?» አልኳት።

 «እናቴ እኮ ስኮላርሺፑን አገኘሁ ብላት ቢቸና ሄዳ ስለቷን አስገብታለች። ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ሰጥታ፣ ሕዝቡ እልል ብሎላታል» አለች።  እዚያው ለእናቷ ደውላ ኢሜይሉ የሌባ መሆኑን ነገረቻቸው፤ ድምፃቸው ለእኔም ይሰማኛል። 

«ስለቴማ በቦታው ነው» አሉ እናትየው። «ከሌባ እጅ ያወጣሽ ማን ሆነና?»