ጥቁር ጨርቅ ሰርግ ቤት የገባ ዕለት

ክቡራትና ክቡራን፣ አቶ ወልደየስ፣ አጣቢዎች፣ አጣፊዎች፣ ሾፌሮች፤ ስላከበራችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዓይሻ፣ ለሰንቡሳው በተለይ አመሰግናለሁ። አቶ ወልደየስ ደግሞ ለኬኩ። ኬኩ ላይ "ሐፒ በርዝዴይ" ተብሎ ተጽፏል። ምንም አይደለም፤ ጡረታ ስወጣ ሳልወለድ አልቀረሁም።

ዛሬ የምናገረው ስለ ግሪኮች ነው። አትሳቁ፣ ገና አልጀመርኩም። ለእንግዶች ልንገራችሁ፤ ልጄ ኖኅ እንግሊዝኛዬ እንዲሻሻል ብሎ የጥንት ግሪኮችን ተረት በኦዲዮ መኪናዬ ላይ ጫነልኝ። ከቤቴ ከቸስተርሚር ስመጣ መንገዱ ሲጨናነቅ እሱን እሰማለሁ። እንግሊዝኛዬ የነበረበት ነው። እነዚህ ግን የምናከራየውን የሰርግና የድግስ ጠረጴዛ ልብስ ሲያጥፉ በየቀኑ ከኔ ተረት አገኙ።

መጀመሪያ ምን ጠብቄ ነበር መሰላችሁ? እንደ ገድል ያለ ነገር። ጀግናው ይጾማል፣ ይጸልያል፣ ዘንዶውን ይገድላል። የግሪኮቹ ግን ጉዳቸው ብዙ ነው። አኪለስ የሚባል ነበረ፣ በጦር ሜዳ አቻ የሌለው። አለቃው ቢያስቀይመው ድንኳኑ ገብቶ አኮረፈ። ወገኖቹ እየተሸነፉ እሱን ይለማመጣሉ። ይሄን የሰማሁ ቀን መኪናዬን ዳር ፓርክ አድርጌ ሳቅሁ። የኛ ፍስሐ የግሪክ ዘር እንዳለበት አላውቅም ነበር። ወንበሩ ላይ ሰው ተቀመጠበት ብሎ ሳምንት ሙሉ ምሳውን ቫን ውስጥ የበላው እሱ አይደል?

እዚህ ቤት ያጠፋ ሰው የግሪክ ስም የሚወጣለት ከዚያ ወዲህ ነው። ዓይሻ አታላንታ ናት። አታላንታን በሩጫ የሚቀድማት አልነበረም፤ የወርቅ ፖም ሲወረውሩላት ግን እየቆመች ስታነሳ ተቀደመች። ዓይሻ "እኔ ምን አነሳሁ?" ብላ ተቆጣችኝ። "የቅናሽ ሴል የተለጠፈበት ሱቅ አልፈሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

ደርበውማ ኦርፌዎስ ነው። ኦርፌዎስ ሚስቱን ከሙታን አገር ሲያወጣ "ወደኋላ እንዳታይ" ቢባል ዞሮ አየና አጣት። ደርበው ደግሞ ቫኑን ሪቨርስ ሲያደርግ ወደኋላ ሳያይ ቀርቶ የአዳራሹን በር አጣን። እንግዲህ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?

ግን ለምንድን ነው እነዚህን ሰዎች ዓለም እስካሁን የሚወዳቸው? ምንም ያላጠፋ ጀግናም ሳይኖራቸው አልቀረም። ስሙን የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አያችሁ? እንከን የሌለውን ሰው ከሩቅ ታከብሩታላችሁ እንጂ አትጠሩትም። የሚያኮርፈውን፣ የሚረሳውን፣ የሚቸኩለውን ግን "ይሄማ የኛው ነው" ትላላችሁ።

አሁን ቀልዱን ትንሽ ላቁመው። አቶ ወልደየስ በኔ ቦታ ናሆሚ ሱፐርቫይዘር እንድትሆን ይፈልጋሉ። እሷ እምቢ ብላለች። ዛሬ እሺ ካላለች ሰኞ ከውጭ ሰው ይመጣል። ሰውዬው በሥራ ዘመኑ አንዴ እንኳ ተሳስቶ አያውቅም ይባላል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ምሳ ስትበሉ እስቲ ይታያችሁ።

ለምን እምቢ እንዳለች ስጠይቃት፣ "እትዬ፣ ላይክ፣ ያን ቅዳሜ ረሱት እንዴ? አይ ካንት፣ አልችልም" አለችኝ።

ያ ቅዳሜ ይረሳል? አንዱ ኦርደር ሳድል ሪጅ ሰፈር፣ አንዱ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር። አቶ ወልደየስ እንደ ልማድዎ አድራሻና የሰው ብዛት ብቻ ነግረዋት፣ "አንዱ ሰርግ ነው፣ አንዱ ተዝካር፤ የሚሆነውን አንቺ ታውቂያለሽ" ብለው ስልኩን ዘጉ። ልጅቷ እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች ናት። ብዙ ሰው ያለበት ሰርጉ ነው ብላ የወርቅ ልብ የታተመበትን ጨርቅ ወደዚያ፣ ጥቁሩን ጥቂት ሰው ወዳለበት ላከች። ሰርግ የተጠራ ይመጣል፣ ተዝካር የሰማ ሁሉ ይመጣል ብሎ ማን ነገራት? ሳድል ሪጅ ሙሽሮቹ ጥቁር ጠረጴዛ ላይ ተሰየሙ፤ ሚዜዎቹ ፋሽን መስሏቸው ፎቶ ተነሱበት። ሞንተሬይ ፓርክ ቄሱ በሚያብረቀርቁ ልቦች መሀል ፍትሐት አደረሱ።

ናሆሚ ምን አደረገች? ስልኳን ዘግታ አልተደበቀችም። ራሷ ነድታ ሄዳ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እትዬ ሸዋወርቅ እግር ላይ ወደቀች። የይቅርታው አማርኛ ከድንጋጤ ብዛት ጠፍቷት "እንኳን ደስ አለዎት" አለቻቸው። እትዬ ሸዋወርቅ ሳቁ። "እሱ ከሞተ ወዲህ ጥርሴ የታየው ገና ዛሬ ነው" ብለው አቅፈው አስነሷት። እሷም እስከ ማታ ሳህን ስታመላልስ ዋለች።

ናሆሚ፣ ያልነገርኩሽ አንድ ተረት አለ። ቴሴዎስ ሰው የሚበላውን ጭራቅ ገድሎ በመርከብ ሲመለስ፣ ጥቁሩን ሸራ አውርዶ፣ የመትረፉ ምልክት የሆነውን ነጩን መስቀል ረሳ። አባቱ ከሩቅ ጥቁሩን አይተው፣ ልጄ ሞተ ብለው ባሕር ገቡ። እሱም እንዳንቺ በጨርቅ ቀለም ነው የተሳሳተው። ባንቺ ግን ማንም ባሕር አልገባም። ካልጋሪ ባሕር የላትም፣ የቸስተርሚር ሐይቅም ያን ሰሞን በረዶ ነበር። የቴሴዎስ አገር ሰዎችስ አባረሩት? ንጉሥ አደረጉት። ጭራቁ ደጃቸው በነበረ ጊዜ ማን እንደሄደላቸው አልረሱም።

የጨርቅ ቀለም ማንም ይማራል። አጥፍቶ ሲያበቃ ራሱ ሄዶ በር የሚያንኳኳ ሰው ግን በማስታወቂያ አይገኝም። ልጄ፣ እነዚህን ሰዎች ለማላውቀው ሰው ትቼ መሄድ ያስፈራኛል። እወዳቸዋለሁ። ላንቺ ትቻቸው ልሂድ።

ምን አልሽ? ጮክ በይ፣ ደርበው ከኋላ አይሰማም። "ብሳሳትስ?" ነው የምትለው። ትሳሳቻለሽ እንጂ፤ እኛስ እዚህ ምን ስንሠራ የኖርን መሰለሽ?

እሺ አለች። አቶ ወልደየስ፣ ሰምተዋል፤ ለሰኞው ሰውዬ አይምጣ ብለው አሁኑኑ ኮል ያድርጉለት።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ዓይሻ አሚን በይ፣ ሌሎቻችሁም አሜን በሉ። እጃችሁ አይዛል፣ ወገባችሁ አይያዝ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ በረዶው ቶሎ ይቅለጥላችሁ። ናሆሚን የሚረዳት እንጂ የሚታዘባት አያብዛባት። ስታጠፉ ደግሞ፣ ማጥፋታችሁ አይቀርም፣ አንኳኩታችሁ ስትገቡ ስቆ የሚያነሳ ሰው ይግጠማችሁ።