የሚለምነው መስኮት

መቱ ከተማ ለሚገኘው ቢሯችን ስክሪፕት የሚሉትን አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፌ፣ ሥራ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ላይ «ላስቀምጥልዎ?» የሚል መስኮት ብቅ እንዲል አደረግሁ። ሁለት ቁልፍ አለው፤ «እሺ» እና «ይቅር»። የመዝገብ ቤቷ እትዬ አስካለ ሲጽፉ አርፍደው «ይቅር»ን ተጫኑ። ሁሉም ጠፋ።

«ምነው እትዬ?»

«በአንድ ጥያቄ እሺ ይባላል እንዴ? ደግሞ ይለምነኛል ብዬ ነዋ!»

እኔ ሊቁ፣ ወግ የሚያውቅ መስኮት ሠራሁላቸው። ማንኛውም መስኮት «ይቅር» ሲባል «ማሎ፣ በሞቴ!» ብሎ ይለምናል፤ ቁልፉም «እሺ» ብቻ ነው። ቢሮው አጨበጨበልኝ።

በማግስቱ አለቃችን «የዓመቱ ፋይል የት ገባ?» ብለው ጮኹ። እትዬ አስካለ ቅንጣት አልደነገጡም።

«እጄ ስቶ አንዱን ቁልፍ ነካሁ፤ ‹ላጥፋው?› አለኝ። ‹ይቅር› አልኩት። በሞቴ እያለኝ እምቢ ብዬ ልግደለው?»