ሳሙና የሚሸት ጃኬት

አጋዘን ከሚታደንበት ተራራ ግርጌ፣ እንግዳ አዳኞችን እየመራ ጫካ በማስገባት በሚታወቀው በሞላልኝ ቤት፤ ጠዋት። ሚስቱ አንጓች ጃኬቱን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ሞላልኝ፦ ጃኬቴን አምጪ አልኩሽ እኮ። እንግዶቹ ሊወጡ ነው።

አንጓች፦ መጀመሪያ የማን ሽታ እንደሆነ ንገረኝ።

ሞላልኝ፦ የምኑ?

አንጓች፦ የእጅጌው። እንካ፣ አሽትተው። የልብስ ሳሙና እንኳ አይደል፣ ያ ሮዙ የገላ ሳሙና ነው።

ሞላልኝ፦ እንግዶቹ ታጥበውበት ይሆናላ። አጠገባቸው አይደል የምውለው።

አንጓች፦ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አደን በደረሰ ቁጥር ልብስህን በባዶ ውሃ አጥቤ ጫካ ጫካ እንዲሸት የአስታ ቅጠል ላይ ነው የማሰጣው። አጋዘኑ ይሸተዋል ብለህ ለእህቴ ሰርግ እንኳ ፀጉሬን ቅቤ ሳልቀባ ሄድኩ። ለሷ ሲሆን ሳሙና ተፈቀደ?

ሞላልኝ፦ ለማን?

አንጓች፦ ለውቢት። ለአዳኞቹ ካምፕ ወጥ ሠሪ። አገሩ ሁሉ የሷን ቁመና ሲያወራ አንተ ብቻ ዝም ትላለህ። እሱ ዝምታህ ነው ያንገበገበኝ።

ሞላልኝ፦ በሞቴ ተይኝ። ትናንት ገደሉ ሥር አድፍጠን ነው የዋልነው። አጋዘኑ ከላያችን፣ እኛ ከታች። አመድ በተን አድርጌ ሳይ ነፋሱ ከሱ ወደኛ ነው።

አንጓች፦ ቁልቁል?

ሞላልኝ፦ ቁልቁል።

አንጓች፦ የምድጃዬ ጭስ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ሲሄድ ነው የዋለው። ገደሉ ሥር ብትሆኑ ሽታችሁ ቀጥ ብሎ አፍንጫው ውስጥ ይገባ ነበር። የአዳኝ ልጅ መሆኔን ረሳኸው እንዴ? የት ዋልክ?

ሞላልኝ፦ ወጥ ቤቱ ጓሮ።

አንጓች፦ ይኸው።

ሞላልኝ፦ ልብስ ሳጥብ።

አንጓች፦ የሷን?

ሞላልኝ፦ የአዳኞቹን። ወር አለፈኝ። ጉልበትህ ደክሟል፣ ልብስ እያጠብክ ደሞዝህን ብላ አሉኝ። ምን ብዬ ልንገርሽ?

አንጓች፦ አንተን አውርደው ማንን አወጡ?

ሞላልኝ፦ አንድ ልጅ እግር። ነፋስ የማያውቅ። እንግዶቹ ትከሻውን አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ሳፋው ላይ አጎንብሼ አየዋለሁ። ሲስቅ ስሰማው አንጀቴ ይቃጠላል።

አንጓች፦ ስም የለውም?

ሞላልኝ፦ ዘለቀ።

አንጓች፦ የኔ ዘለቀ? ወንድሜ?

ሞላልኝ፦ አዎ። ለእህትህ ትንፍሽ እንዳትል ብዬ አስምዬዋለሁ።

አንጓች፦ እኔማ አሁንም ዕቃ የሚሸከምላቸው መስሎኛል። ለካ ለዚህ ነው ትናንት መጥቶ እህል እምቢ ያለው። ምን ሆንክ ስለው፣ አጋዘኑ ሦስት ቀን ሙሉ ገና ሳንቀርበው እየሸሸ ነው፣ ዛሬም ከሸሸ ያባርሩኛል አለ። ግራ ገባኝ።

ሞላልኝ፦ ይሄንን ብሎሻል?

አንጓች፦ ነፋስ አያውቅም ነው ያልከው? አባቴ እጅ ላይ ያደገ ልጅ? አንተንስ ያስተማረህ አባቴ አይደለም?

ሞላልኝ፦ ያውቃል።

አንጓች፦ እንደ አንተ?

ሞላልኝ፦ ከኔ ይበልጣል። እሱ አይደል የገደለኝ። እኔ አመድ በትኜ የማየውን እሱ ጆሮው ሥር ሲነካው ያውቀዋል።

አንጓች፦ ታዲያ ለምን ይሸሽበታል?

ሞላልኝ፦ የሱንም ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ።

አንጓች፦ በምን?

ሞላልኝ፦ በዚያ በሮዙ። ሁለት ሦስቴ እየደጋገምኩ። ልጁ ጉንፋን ይዞታል፣ አይሸተውም።

አንጓች፦ ዛሬስ? ዛሬ የለበሰውን?

ሞላልኝ፦ እሱንም። አንጓች፣ እንደዚህ አትዪኝ። ሴት የለችም። ውቢትን ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም፣ በልጆቼ እምልልሻለሁ።

አንጓች፦ ምነው ውቢት በሆነች።